ማስመሰል

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉኝ እትዬ አንጓች፣
የአረቄውን ማሰሮ አፍ በጭቃ እየመረጉ።
«ፀሐይን ማስመሰል» አልኳቸው።
ቀና አሉ። ጭቃ በእጃቸው፣ ሳቅ በዓይናቸው፤
«እናትሽ አንቺን ባሕር ዳር ልካ፣
አስመሳይ ሆነሽ መጣሽልን ለካ!»

አልዋሹም።
ሁለት ዓመት መጋረጃ ዘግቼ፣
የውጭዋ ፀሐይ ዓይኔን እንዳትወጋው ሸሽቼ፣
ከኮምፒውተር ሆድ ሌላ ፀሐይ ሳወጣ ሳጠልቅ ኖሬያለሁ።
መቶ ሺህ ጨረር እለቃለሁ፣ እያንዳንዱን እከተላለሁ፤
ከመስተዋት ነጥሮ ድስቱን ሲመታ እቆጥራለሁ፣
ስቶት ሲያልፍም እቆጥራለሁ።
መብራት በሄደ ቁጥር የኔዋ ፀሐይ ትጠልቃለች፤
ውጭ ግን፣ በእኩለ ቀን፣ የእግዜሯ ቆርቆሮ ታቀልጣለች።

በእኔ ሰማይ ደመና አልነበረም።
ነፋሱን ዜሮ ብዬዋለሁ፤ አቧራ ገና አልተፈጠረም።
ውሃው በሃያ ሁለት ደቂቃ ዘጠና አንድ ዲግሪ ይደርሳል፤
መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣
ጉድጓድ እንደሌለው መንገድ፣ ድንጋይ እንደሌለው እርሻ።
መምህሬ «ጥሩ ነው» አለ።
እኔም አመንኩት።

በየካቲት ደምበጫ ገባሁ።
አሮጌ የቴሌቪዥን ዲሽ በባጃጅ ጣሪያ አስሬ፣
ከይርሳው ፀጉር ቤት የተሰበረ መስተዋት ለምኜ፣
ሦስት መቶ አርባ ስባሪ በሙጫ ለጥፌ፣
የተምጫን ውሃ፣ ቡናማውን፣ በጥቁር ድስት አስቀምጬ፣
ፊቱን ወደ ሰማይ አዞርኩት።

ሃምሳ ስምንት።
እዚያው ላይ ቆመ፣ ወንዝ ዳር እንደ ፈራ በቅሎ፤
ነፋሱ ከጮቄ ወርዶ ሙቀቴን ሄደ ጠቅልሎ።
አቧራው መስተዋቱ ላይ ተኛ።
አንዲት ዶሮ ዘላ ወጣችና
ሦስት መቶ አርባ ዶሮ አይታ ጮኸች።
የጤና ጣቢያዋ ሙሉአዳም ሰዓቷን አየች፣ ምንም አላለች።
(ስድስት ሕፃን በአንድ ሳምንት፣ በተቅማጥ፣
መዝገቧን ትናንት አሳይታኛለች።)
እትዬ አንጓች ግን ጎንበስ እያሉ ድስቱን ማየት አበዙ፤
ባዩት ቁጥር ጥላቸው ያርፍበታል፣ ባዩት ቁጥር ይበርዳል።
«አልሞቀም? ምነው፣ ፀሐይሽ ርጥብ ናት እንዴ?»

ማታ ነፋሱን ጻፍኩት፦ በሴኮንድ አራት ሜትር።
አቧራውን ጻፍኩት፤ ሙጫው ያጣመመውን፣ የዶሮዋን ኩስ።
በመጨረሻም፣ መምህሬ እንዳይስቅብኝ እየፈራሁ፣
አንድ መስመር ጨመርኩ፦
«የአንጓች ጥላ፣ በየአራት ደቂቃው፣ ለሃያ ሴኮንድ።»
ኮምፒውተሩ አሰበ፣ አሰበና
ሃምሳ ዘጠኝ አለኝ።
ሁለት ዓመት በብርሃን ሲዋሸኝ ኖሮ
በጥላቸው እውነቱን ተናገረ።

ከዚያ ወዲያ ቀላል ነበር ብል እዋሻለሁ።
ድስቱን በብርጭቆ ከደንኩት፣ ለነፋሱ አጥር አጠርኩበት፣
ዶሮዋን ግን ምንም አላገኘሁላት።
ውሃ ለመንጻት የግድ መፍላት የለበትም፤
ስልሳ ሰባት ይበቃዋል፣ ታግሦ ለሚጠብቀው።
ለምስክር ከማር የተረፈ ሰም
በትንሽ ጠርሙስ አድርጌ ውሃው ውስጥ ሰቀልኩ፤
ከቀለጠ ንጹሕ ነው፣ ካልቀለጠ ጠብቁ።

በቅኔ አገር ሰም የሚፈታው በቃል ነበር።
በዚያ ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣
ያለ ቃል ተፈታ፤ ተንጠባጥቦ ታች ወረደ፣
ወርቁም በቢጫ ጀሪካን ተቀዳ።
ሙሉአዳም ቀመሰችው። «ጭስ አይሸትም» አለች፣
ሌላ አልጨመረችም።

እትዬ አንጓች ቆመው አዩ፣ አሁን ፈንጠር ብለው፣
ጥላቸውን በነጠላቸው የሰበሰቡ ይመስል።
«አረቄውስ?» አሉኝ። «የባሕር ዛፉ እንጨት ዋጋ ገደለኝ።»
«አረቄ ሰባ ስምንት ይፈልጋል፤
አሥራ አንድ ዲግሪ ይጎድለናል።»
ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይናቸውን ጠረጉና
«ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?
ሂጂና አስመስዪው!»